የካፖርቱ ኪስ

የዶክትሬት ጽሑፌ የሚያወራው በአንድ የድሮ ልቦለድ ውስጥ ስላለች የቤት ሠራተኛ ነው። በስድስት መቶ ገጽ ውስጥ ዐሥራ አንድ ጊዜ ብቅ ትላለች፤ ስም የላትም፣ ትንፍሽ አትልም። እመቤቲቱ ካፖርቷን ለእጥበት ስትሰጥ ከውሽማዋ የመጣላትን ደብዳቤ ኪሱ ውስጥ ትረሳዋለች። ደብዳቤው በማግስቱ ባልየው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል፤ ትዳር ይፈርሳል። እንዴት እዚያ እንደደረሰ ደራሲው አይነግረንም። ሊቃውንቱ «ዕጣ ፈንታ ነው» ብለው አልፈውታል፤ እኔም አብሬ አለፍኩ። የእኔ ክርክር ሠራተኛዋ ድሃም ሴትም በመሆኗ ድምፅ ተነፍጋለች፣ በታሪኩ ሂደት ላይም ቅንጣት ሚና የላትም የሚል ነው። ለዚህ አራት ዓመትና ሦስት ንድፈ ሐሳብ ፈጅቻለሁ።

ጽሑፌን በፈታኞች ፊት የምከላከልበት ዲፌንስ ሦስት ቀን ሲቀረው ለመለማመድ ብዬ ለእናቴ አነበብኩላት። እናቴ ሠላሳ ዓመት ሰው ቤት ልብስ ስታጥብና ስትተኩስ ኖራ ነው ያስተማረችኝ። ሸሚዜን እየተኮሰች ሰማችኝ።

«ታዲያ ደብዳቤውን ያስቀመጠችው ሠራተኛዋ ናታ» አለች።

«መጽሐፉ እንደዚያ አይልም፣ እማዬ።»

«ልብስ ውኃ ሳይነካው ኪሱ ይፈተሻል። ይሄን የማያውቅ አጣቢ የለም። ደግሞ እመቤትየዋ በጥፊ አጮለቻት አላልከኝም?»

«እሱን የጠቀስኩት የጭቆና ማሳያ ነው ብዬ ነው።»

«ይሁንልህ» ብላ ኮሌታውን ገለበጠች።

ክፍሌ ገብቼ የልቦለዱን ገጽ አየሁ። ጥፊው ሰኞ፣ እጥበቱ ማክሰኞ፣ ደብዳቤው ረቡዕ። ክው አልኩ። ጽሑፌ ታትሞ፣ ተጠርዞ ለፈታኞቹ ደርሷል። የሠራተኛዋን አፍ የዘጋሁት እኔው ነኝ ብዬ እንዴት ልንገራቸው? ዝም አልኩ።

በዲፌንሱ ዕለት እናቴ የክት ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ታቅፋ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ሴት ፈታኝ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ምንም ሚና የላትም ካልክ፣ ደብዳቤው በእግሩ ሄደ?»

አዳራሹ ሳቀ። አማካሪዬ ጣራ ጣራውን ማየት ጀመረ። አራት ዓመቴን ውኃ ሲበላው ታየኝና እናቴ ያለችውን አንድ በአንድ ተናገርኩ፤ ኪሱን፣ ጥፊውን፣ ሦስቱን ቀናት። ሳቁ ቆመ። ፈታኟ ብዕራቸውን አነሱ።

«ይሄ ጽሑፍህ ውስጥ የለም። ከማን አገኘኸው?»

ከኋላ እናቴ ቀና አለች። አየኋት።

«የራሴ ንባብ ነው» አልኩ።

ምዕራፍ ሦስትን በዚሁ «አዲስ ግኝት» እንዳስተካክል ታዝዤ በከፍተኛ ማዕረግ አለፍኩ። አማካሪዬ እናቴን ጨብጦ «እንኳን ደስ አለዎት፤ ልጅዎ ድምፅ ለሌላቸው ሴቶች ጠበቃ ነው» አላት። አመሰገነችው።

ወደ ቤት ስንሄድ የምገባበት ጠፋኝ፤ ዐይኗን ማየት አፈርኩ።

«ተቀየምሽኝ?»

«እኔም አንዴ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አስቀምጫለሁ» አለች። «ማን ነው ብለው ቤቱን ሲያተራምሱት ዝም አልኩ። ካባረሩኝ ልጄን ምን አበላለሁ ብዬ። አንተ ምን ፈርተህ ነው?»

ስለ ዝምታ አርባ ገጽ ጽፌያለሁ። አንድ ቃል አልወጣኝም።