ኢ-ኑ-ቲል

"ቃሉን አትዋጠው! ቆራርጠህ በለው፤ ሩ-ቨ-ኔ!" አለች ስህን፣ በእህል ጆንያ ላይ ተቀምጣ እየተንገጫገጨች።

"ሩቭኔ" አለ ባሏ ዘይኑልአቢዲን።

"ሲጠራ ሦስት ቁራጭ ነው እኮ። ለትርጉሙ ግን ሁለት፤ 'ሩ' እንደገና ማለት ነው፤ 'ቨኔ' ደግሞ ኑ። ሲገጥሙ፣ ተመልሳችሁ ኑ። ቃሉን ከበተንከው ትርጉሙን ራሱ ይነግርሃል።"

የተሳፈሩበት መኪና ከሐይቅ ከተማ ወደ ውጫሌ የእርዳታ እህል ጭኗል። በዚያ በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ ውጫሌ ላይ ድንኳን የተከሉ የፈረንሳይ ሐኪሞች አስተርጓሚ ይፈልጉ ነበር። ቀበሌው የላከው ዘይኑልአቢዲንን ነው፤ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ጭነት ሲያወርድ ጥቂት ፈረንሳይኛ ለቃቅሟል። ስህን ግን እዚያው ከባቡር ሠራተኞች ልጆች ጋር በፈረንሳይኛ ተምራ ያደገች ናት። የእሷን ስም ያነሳ አልነበረም፤ እሷም የመጣችው ባሏን ለማበርታት ብቻ ነው።

ድንኳኑ ሲደርሱ ፈረንሳዊቷ ሐኪም፣ እናትነሽ የምትባል የአምባሰል ገበሬ የታቀፈችውን ሕፃን እየመረመረች ነበር። የሕፃኑን ሆድ ዳሰሰች፤ ዓይኑን ገለጥ አድርጋ አየችና ወደ ዘይኑልአቢዲን ዞረች።

"ኢኑቲል ዳሌ አ ደሴ።"

እሱም ወደ እናትነሽ ዞረ። "ደሴ ውሰጂው ነው የምትልሽ" አለ። "ይጠቅመዋል።"

እናትነሽ ልጇን አዝላ ተነሳች። ደሴ ድረስ በእግሯ ልትሄድ ነው፤ ጉልበቷ ግን ከድንኳኑ በር እንኳ የሚያሻግራት አይመስልም።

"ቆዪ፣ እህቴ!" ስህን እጇን ያዘቻት። ከሐኪሟ ጋር በፈረንሳይኛ ፈጠን ፈጠን ብለው ተነጋገሩ። "የትም አትሄጂም። መድኃኒቱ እዚሁ አለ፤ አልጋም ይሰጡሻል።"

እናትነሽ ባለችበት ቁጭ ብላ አለቀሰች።

"ኡቲል አላለችም እንዴ?" አለ ዘይኑልአቢዲን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ይጠቅማል ማለት አይደል?"

"ኢኑቲል ነው ያለችው። ስትጠራው ኢ-ኑ-ቲል ብለህ ስለምትቆርጠው ያሳስታል። ለትርጉሙ ግን አቆራረጡ ሌላ ነው፤ 'ኢን' ትርጉሙን የሚያፈርሰው ነው፤ 'ኡቲል' ደግሞ ጠቃሚ። ሲገጥሙ፣ የማይጠቅም። ደሴ መሄድ አያስፈልግም ማለቷ ነው።"

ሐኪሟ ሁለቱን በየተራ አየቻቸውና ሥራውን የሚጀምረው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ስህን ተረጎመችለት።

"አንቺ ነሻ!" አለ።

"ቀበሌው የላከው አንተን ነው።"

"ቀበሌውን እኔ አናግራለሁ። ወላሂ፣ ሴትዮዋን ከነልጇ መንገድ ላይ ልጨርሳት ነበር!"

"ልጆቹስ? ቤቱስ?"

"እኔ የት ሄጄ?" ለመሄድ ተነሳና ቆም አለ። "ሽሮ ሲሠራ መጀመሪያ የሚገባው ዱቄቱ ነው ውሃው?"

ስህን ሳቋ አመለጣት። "መጀመሪያ ሽንኩርቱን አቁላላ" አለችው። ከዚያ በርጩማዋን ከሐኪሟ አጠገብ ሳበችና ደጅ ወደተሰለፈው ሰው ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

"ተረኛው ይግባ!"