ክላክሱ ሲጮኽ

ወንድሜን ሾፌሮቹ «ቀስ በቀስ» ነበር የሚሉት። እሱ አይከፋውም፤ «ፈጣኖቹንማ ገደል ወርዳችሁ ጠይቋቸው» እያለ ይስቅባቸዋል። የክሊኒኩን መኪና በዚያ ጭቃ ተራራ ላይ ዓመታት ሲነዳ፣ ሰው ቀርቶ ዶሮ አልገጨም።

ዝናብ ሲበረታ ቁልቁለቱ ሳሙና ይሆናል። ለዚህ የኛ ሾፌሮች መላ አላቸው። ተሳፋሪው በሙሉ ይወርዳል፤ ከመኪናው ኋላ ገመድ ይታሰራል፤ ሁለት ሰው ገመዱን ይዞ በተራራው በኩል ከፍ ብሎ ይከተላል። የኋላው እግር ወደ ገደሉ ሊሸሽ ሲል ሳብ ያደርጉታል። ሾፌሩ ሁለቴ ክላክስ ካደረገ ግን ወዲያው ይለቃሉ። «ከአቅማችሁ በላይ ሆኗል፤ ነዳጅ ሰጥቼ ራሴ ላቃናው» ማለቱ ነው። ያን ጊዜ ጅራቱ እንደተያዘ ከቀረ አፍንጫው ወደ ገደል ይዞራል።

የዚያን ቀን ግን ሁሉም ሰው መውረድ አልቻለም። ምጥ የጠናባት ሴት ከኋላ ፍራሽ ላይ ተኝታለች። አብሯት ያለው ባሏ አናጢ ነው። እኔ የክሊኒኩ ዘበኛ ነኝ፤ ገመድ ለመያዝ አብሬ ወጥቻለሁ።

«እኔም ልውረድ እንዴ?» አለች ጥርሷን ነክሳ።

«ንግሥት በጭቃ አትሄድም፤ አርፈሽ ተኚ» አላት ወንድሜ። ፈገግ ልትል ስትል ምጡ ቀደማት።

«ሾፌር፣ እኔ እሷ ጋ ልሁን» አለ አናጢው።

«ገመዱን ማን ይይዝልሃል ወንድምዓለም? ከውጭ ነው የምትጠቅማት። ስማኝ፣ በእጅህ ብቻ ያዘው። ጉቶ ላይ እንዳትጠመጥመው፤ ጉቶ ልቀቅ ሲሉት አይሰማም። ክላክስ ሳደርግስ?»

«እለቃለሁ።»

«እናቴ ትሙት በል።»

«እናቴ ትሙት።»

ወንድሜ አራቱም ጎማ እንዲጎትት አድርጎ በመጨረሻው ከባድ ማርሽ ተነሳ። እግሩን ከፍሬን አራቀ፤ ጭቃ ላይ ፍሬን መያዝ ራስን መጣል ነው ይል ነበር። ቢብስ ለመዝለል እንዲመቸው፣ ሾፌሮቹ ሁሉ እንደሚያደርጉት ቀበቶውን አላሰረም፤ በሩንም ገርበብ አደረገው።

የመጀመሪያውን ኩርባ በደህና አለፍን። ቀጣዩ ላይ ጎርፍ የመንገዱን ጠርዝ በልቶታል። የኋላው እግር ሸሸ። ሳብን፤ አልመለስ አለ። ክላክሱ ጮኸ፤ ደገመ።

ለቀቅሁ። ገመዱ ግን እንደተወጠረ ነው። ዞር ስል አናጢው ጉቶ ላይ ጠምጥሞ፣ ጫፉን በሁለት እጁ ጨምድዶ ወደ ኋላ ተንጋሏል።

«ልቀቅ!»

«ሚስቴ እኮ ናት!»

«አንተ ሰውዬ፣ ልቀቅ!»

ላስለቅቀው ስዘል አዳልጦኝ በግንባሬ ተደፋሁ። ታች ሞተሩ ያጓራል። ክላክሱ ደጋግሞ ጮኸ፤ በኋላ ማቋረጡንም ተወው። ቀና ስል የመኪናው አፍንጫ ወደ ገደሉ ዞሯል። ገመዱ የአናጢውን መዳፍ እየላጠ ሮጦ አለቀ።

በሩ ክፍት ነበር። ወንድሜ አልዘለለም።

መኪናው ተገልብጦ ወርዶ ዛፎች ያዙት። ስደርስ መሪው ደረቱን ተጭኖታል።

«እሷስ?» አለኝ።

«አለች፣ ደህና ናት።»

ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ዓይኑ እኔ ላይ እንዳለ ቀረ።

ሴትየዋ ከመኪናው ካወጣናት በኋላ እዚያው ዛፉ ሥር፣ ዝናቡ እየወረደባት ተገላገለች። ሴት ልጅ ናት። መጠቅለያ ጠፋ። ከወንድሜ ላይ ጃኬቱን ያወለቅሁት እኔ ነኝ፤ ገና ይሞቅ ነበር።

ቀብሩ ካለፈ በኋላ አናጢው ቤታችን መጣ። ክፍሉ በለቀስተኛ ሞልቷል። ሁለቱም እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ደግሞ ምን ቀረኝ ብሎ ነው?» አለ አጎቴ ድምፁን ሳይቀንስ።

አናጢው እናቴ ፊት ቆመ። «እማማ፣ ለሰው ሁሉ ክላክሱን አልሰማሁም ብያለሁ። ሰምቻለሁ። ከለቀቅሁ የምትሄድብኝ መሰለኝ።»

እናቴ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ እጆቹን አየች።

«ልጅቷ ትጠባለች?»

«ትጠባለች።»

«ተቀመጥ በል።»

አጎቴ ወንበሩን ገፍቶ ወጣ። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ውሃ ስጠው።»

አመጣሁ። እጆቹን ዘረጋ፤ ጣቶቹ ግን አልታጠፍ አሉት። ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀምጬለት ብሄድ ደስ ባለኝ። እናቴ ታየኛለች። አጠገቡ ተንበርክኬ አፉ ላይ ያዝኩለት። ጥርሱ ከብርጭቆው ጋር ይንቀጫቀጫል። በልቤ ትን ይበልህ እለዋለሁ፤ እጄ ግን ትን እንዳይለው ቀስ እያለ ያዘነብልለታል።