ጉድጓዱ አፋፍ ላይ

የምርምር ቡድኑ ቅዳሜና እሁድን ለስብሰባ ከከተማ ወጥቶ ወደ አንድ አሮጌ የጨርቅ ፋብሪካ ሄደ። ፋብሪካው ታድሶ የባህል ማዕከል ሆኗል፤ ክር ይፈተልበት የነበረው አዳራሽ ዛሬ ሥዕል ይሰቀልበታል፣ ቲያትር ይታይበታል። ወለሉ ግን አሁንም የማሽን ዘይት ይሸታል።

በቁመቷ ምክንያት ሁሉም «ሚጢጢ» የሚሏት ተመራማሪ ገና ከበሩ ስትገባ ፍርሃት ፍርሃት አላት። ከምሳ በኋላ ደግሞ የቡድኑ ኃላፊ፣ ፕሮፌሰሩ፣ እጃቸውን አጨበጨቡ።

«አሁን ጨዋታ ነው! ጥንድ ጥንድ ሁኑ። አንዱ ዓይኑን ይታሰር፣ ሌላው በድምፅ ብቻ ይምራው። እስቲ መተማመን እንልመድ!»

ለሚጢጢ የደረሰቻት አብራት በአንድ ክፍል የምትሠራው ባልደረባዋ ነበረች። ለዓመታት እንደ እህትማማች ነበሩ። ለአንድ ቋሚ የሥራ ቦታ ሁለቱም ካመለከቱ ወዲህ ግን ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ሆኗል።

ባልደረባዋ ሻርፑን ጥብቅ አድርጋ አሰረችላት።

«ቀጥ ብለሽ ሂጂ... ትንሽ ወደ ግራ... አይዞሽ፣ ቀጥይ።»

የሌሎቹ ሳቅ እየራቀ ሄደ። ከዚያ መሪዋ ዝም አለች።

«የት ገባሽ? ኧረ ተናገሪ!»

ቀዝቃዛ አየር ከእግሯ ሥር ሽው አለባት። ሻርፑን መንጭቃ ስታወርደው የጫማዋ ጫፍ አየር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ድሮ ትልቁ ማሽን የተተከለበት ጉድጓድ አፉን ከፍቷል። መከለያውን ለጥገና አንስተውት ኖሯል። ቁጭ ብላ ወደ ኋላ ተንፏቀቀች።

ባልደረባዋ አፏን በእጇ ይዛ ደርቃ ቀርታለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አላየሁትም... ሳየው ደግሞ ድምፄ እምቢ አለኝ። እመኚኝ፣ በናትሽ!»

ሚጢጢ ልታምናት ፈለገች፤ አልሆነላትም።

ያን ጊዜ ባልደረባዋ ሻርፑን ከወለሉ አንስታ የገዛ ዓይኗን አሰረች። «ይኸው፣ ተራሽ ነው፤ አንቺ ምሪኝ» አለች።

ሚጢጢ ጉድጓዱን አየች፣ ባልደረባዋን አየች። «ቀጥይ» የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ይህ ሐሳብ ከራሷ ውስጥ መውጣቱ ከጉድጓዱ ይበልጥ አስደነገጣት። ዘላ ተነሥታ እጇን አፈፍ አደረገችና እየጎተተች እስከ ውጭው በር፣ እስከ ፀሐዩ ድረስ ወሰደቻት።

«ጉድጓድ ተከፍቷል! ሁላችሁም ውጡ!» ብላ ጮኸች። ፕሮፌሰሩ ጨዋታውን አስቁመው ሰዉን እያዋከቡ አስወጡ።

«እጄን አመመኝ እኮ፣ ልቀቂኝ» አለች ባልደረባዋ ሻርፑን ከዓይኗ ላይ እየፈታች።

ሚጢጢ ጣቶቿን ከባልደረባዋ እጅ ላይ ልታላቅቅ ሞከረች። አልፈታ አሏት።