ኮፈኑ ላይ ሦስት ጊዜ

ድመቴን እሜቴ የምላት ያለምክንያት አይደለም። ሶፋ ላይ ወጥታ ስትቀመጥ ሰው ሁሉ ተነስቶ እጅ እንዲነሳት የምትጠብቅ ነው የምትመስለው። ለእሷ ሲባል የቁም ሳጥኑ በር ላይ የለጠፍኩት ወረቀት አለ። ዝናብ ሲገባ የትል መድኃኒት፣ ከዝናብ ስትመለስ እግሯን በደረቅ ጨርቅ ማበስ። ሙቀቱ ሲከር የውኃ ሳህኗን ወደ ጥላ ማዞር፣ ጸጉሯን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ቁንጫ መፈለግ። መጨረሻ ላይ በቀይ የጻፍኩት የብርዱን ወራት ነው፤ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ኮፈኑን ሦስት ጊዜ በመዳፍ መምታት፣ ትንሽ መጠበቅ፣ ከዚያ ማስነሳት።

ያቺ የመጨረሻዋ የወንድም ጋሼ ሥራ ናት። ሌላው ሁሉ የእኔ ነው።

ወንድም ጋሼ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። መኪና መንዳት ያስተምራል፤ ተማሪዎቹን «ከመነሳታችሁ በፊት መኪናችሁን ዞራችሁ እዩ» እያለ ጉሮሮው እስኪደርቅ ይመክራል። ሁለታችንም ሳናገባ ወላጆቻችን ቤት ቀርተናል። እሱ «ገና ነኝ» ይላል፣ እኔ ነገሩን ተውኩት። መኪናውን የሚያቆመው ግቢ ውስጥ ካለው የቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ከብረት ምሰሶው አጠገብ ነው። ማታ ሲገባ ሞተሩ ስለሚሞቅ በብርድ ጊዜ እሜቴ ከታች ሾልካ ሞተሩ ላይ ትተኛለች። ጎረቤታችን ልብስ አጣቢዋ ድመቷን ያጣችው እንዲሁ ነው፤ ባሏ ሳያይ መኪናውን አስነስቶ።

ወረቀቱን ሲያይ ወንድም ጋሼ ሳቀብኝ።

«ለእኔ ብርድ ልብስ እንኳ እንዲህ ተጨንቀሽ አታውቂም።»

«አንተ ሞተር ላይ አትተኛማ» አልኩት።

«እሺ እሙዬ፣ በእማዬ ይሁንብኝ፣ ሳላንኳኳ አላስነሳም።»

በሞተች እናታችን ምሎልኛልና ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ከራሴ አወረድኩ።

እኔ ሰዓት ሠሪ ነኝ። የምሠራው ፊት ለፊት ባለው ክፍል ውስጥ፣ ብርሃኑ በትከሻዬ እንዲመጣልኝ ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ ነው። ማጉያ መነጽሬን ዓይኔ ላይ ከሰካሁ ቤት ቢቃጠልም ቀና አልልም። በጆሮዬ ግን ሁሉን እከታተላለሁ፤ የደከመ ሰዓት ገና ሳልከፍተው በድምፁ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የወንድም ጋሼን ኮቴ እሰማለሁ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ሲል እሰማለሁ፣ ከዚያ ትንሽ ዝምታ፣ ከዚያ ሞተሩ። ያንን ስሰማ ሆዴ ረጋ ይልና ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

ዘንድሮ ብርዱ ሲጀምር የማንኳኳቱ ድምፅ ቀጠን አለብኝ። ራት ላይ ጠየቅኩት።

«ኮፈኑ ምን ሆነ? ድምፁ ተለየብኝ።»

«ብርድ ነዋ» አለኝ ዳቦውን እየቆረሰ። «ብረት በብርድ ይኮማተራል ስትዪኝ የኖርሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

እውነት ነው፣ ብዬዋለሁ። ሰዓት በብርድ ለምን እንደሚዛባ ደጋግሜ ስነግረው የሚሰማኝ አይመስለኝም ነበር። ያልኩትን ይዞ በመኖሩ ደስ አለኝ። እንዲያውም ያን ቀን ወጡን ጨመር አደረግኩለት።

አንድ ሰኞ ጠዋት እንደወትሮው ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ። ዝምታ። ሞተሩ ተነሳ። ከዚያ የሰማሁትን ድምፅ እንኳን መጻፍ ማስታወስም አልፈልግም። ወጥቼ ስደርስ ወንድም ጋሼ ኮፈኑን ከፍቶ፣ እጁ በደም ተነክሮ፣ እሜቴን ከሞተሩ ማራገቢያ ሥር እያወጣ ነበር። በሹራቡ ጠቅልሎ፣ እኔን ከኋላ አስቀምጦ፣ ሐኪም ቤት ያደረሰንም እሱ ነው።

የእንስሳት ሐኪሟ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወጣች። «ነፍሷ ይተርፋል፤ የኋላ ቀኝ እግሯን ግን ቆርጠነዋል» አለች።

ወንድም ጋሼ ወደ ግድግዳው ዞሮ አለቀሰ። ሽበት ያወጣ ሰው ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሲያለቅስ አንጀቴን በላው። ያዝ አደረግኩትና፣

«አንኳኩተሃል እኮ። ሰምቼሃለሁ። ከዚህ በላይ ምን ታደርግ?» አልኩት።

ይባስ ብሎ አለቀሰ። እኔ ንዴቴን የተወጣሁት በማን ላይ መሰላችሁ? በእሜቴ ላይ። ፋሻዋን በቀየርኩ ቁጥር «አንቺ ደንቆሮ፣ ሦስት ጊዜ ተጠርተሽ የማትሰሚው ምን ሆነሽ ነው?» እያልኩ እግሯን ያጣችውን ፍጥረት እቆጣ ነበር። እሷ ደግሞ እጄን ትልሰኛለች።

ስድስት ሳምንት ያህል ከቤት አላስወጣኋትም። ወንድም ጋሼ ግን ማንኳኳቱን አልተወም፤ ጠዋት ጠዋት ኳ፣ ኳ፣ ኳ ይላል። ድመቷ ጉያዬ ሥር ተኝታ እሱ ቃሉን ሲጠብቅ ስሰማ፣ እንዲህ ያለ ወንድም ማን አለው ብዬ ሆዴ ይባባ ነበር።

አንድ ጠዋት ታዲያ የቆሸሸውን ፋሻ ልጥል ከቤቱ ጀርባ ዞሬ ስመለስ ደረስኩበት። ወንድም ጋሼ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። በሩ ክፍት ነው። ቀኝ እጁ የሞተሩ ማስነሻ ላይ ነው፤ ግራ እጁን ወደ ውጭ ዘርግቶ በቤቱ ቁልፍ ምሰሶውን መታ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ዓይኑን መስኮቴ ላይ ተክሎ ትንሽ ጠበቀ። ያቺን ዝምታ እንኳ አላጓደላትም። ከዚያ አስነሳው።

ቀረብ ብዬ ምሰሶውን አየሁት። አረንጓዴ ቀለሙ፣ የተቀመጠ ሰው እጅ በሚደርስበት ልክ፣ የሳንቲም ያህል ተፍቆ ነጩ ብረት ያበራል። ብረት ስንት ጊዜ ሲነካ ስንት እንደሚበላ ማወቅ ሙያዬ ነው። ይህ የአንድ ሳምንት ሥራ አይደለም። ከአደጋው በፊትም ሲያንኳኳ የኖረው ለእሷ አልነበረም፣ ለእኔ ጆሮ ነበር። ከአደጋው በኋላም ያልተወው ድምፁ ቢቀር ወይም ቢለወጥ እንደምነቃበት ስለሚያውቅ ነው። ወደ ክፍቱ የመኪና በር ሄድኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

ሞተሩን አጠፋው። «ኮፈኑ በጠዋት በረዶ ነው እኮ፣ እጅ ይቆርጣል። ከዚህም ብመታ ትሰማለች ብዬ…»

«በብርድ ይኮማተራል ያልከኝስ?»

መሪውን አየ።

«ሐኪም ቤት ሳጽናናህስ?»

«ያኔ ልነግርሽ ነበር» አለ። «አንቺ ቀድመሽ ሰምቼሃለሁ አልሽኝ።»

ብሰድበው ይወጣልኝ ነበር። ግን ገብቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፣ የተፈታታ ሰዓት ፊቴ ተዘርግቶ አንዷንም ባለጥርስ መሽከርከሪት ማንሳት አቃተኝ። ያን ቀን ሙሉ በአእምሮዬ የሚመላለሰው ሌላ ነገር ነበር። እማዬ በታመመችበት ዓመት የጠዋት መድኃኒቷን የሚሰጣት እሱ ነበር። እኔ እዚሁ ወንበር ላይ ሆኜ «እማዬ፣ ዋጪው፣ ጎሽ» ሲላት በግድግዳው እሰማ ነበር። ሰማሁ እንጂ አላየሁም። ይህን ልጠይቀው አልደፈርኩም። ብጠይቀውስ፣ መልሱንም የምሰማው በዚሁ ጆሮዬ ነው።

እሜቴ በሦስት እግሯም ዓይኗ ከመኪናው አልተነሳም። በሩ ገርበብ ሲል እየዘለለች ትወጣለች፤ እስከ መቼ እቆልፍባታለሁ?

በማግስቱ ጠዋት ወንድም ጋሼ መኪናው ፊት ቆመና ኮፈኑን በመዳፉ ሦስት ጊዜ መታው፤ ጎረቤት ሁሉ የሰማው ይመስለኛል። ማጉያዬን ከዓይኔ አወረድኩ፣ ካፖርቴን ደርቤ ወጣሁ። ስመጣ ሲያየኝ መዳፉን ዘርግቶ አሳየኝ፤ በብርዱ ቀልቷል።

«አንኳኩቻለሁ እኮ» አለኝ።

«ሰምቻለሁ» አልኩት። «አሁን ኮፈኑን ክፈተው።»