ለእትዬ ወለላ የተላኩት ሦስት ካርቶኖች

ባሌ ሚናስ አንዴ ነገር ከያዘ ፈጣሪም አያስለቅቀውም። ሬኒየር ቫሊ ሰፈር ካለችው ሱቃችን በርበሬና ሽሮ በኦንላይን ለየስቴቱ መላክ ከጀመርን ወዲህ ጭንቀቱ አንድ ሆነ፤ ከሦስቱ ዴሊቨሪ ካምፓኒዎች የትኛው ይሻላል? የላክነውን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ አስገብቶ ማን ዘገየ፣ ማን ካርቶን ቀደደ እያለ ሲያወዳድር ይውላል። አልበቃውም። «ሶ፣ ቴስት እናድርጋቸው» አለኝ። አንድ ዓይነት ካርቶን በሦስቱም ለአንድ ሰው ሊልክ ነው።

የመረጠው አክስቱን እትዬ ወለላን ነው። ስካይዌይ የሚባል ሰፈር ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ስኳር አለባቸው፣ ያለ ምርኩዝም አይራመዱም።

«ቀድመህ ደውልና ንገራቸው» አልኩት።

«ተደውሎ መቼ ሊዘጋ? የዘመዱን ሁሉ ጤና በየስሙ ሲጠይቁኝ ይመሻል። ሲደርስ ስልኬ ይነግረኛል።»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አልኩት፤ ሳቀብኝ። እውነትም የእትዬ ወለላ ሰላምታ ማለቂያ የለውም፣ አቋርጠህ ከዘጋህ ደግሞ ይቀየሙሃል። ስለዚህ ጊዜ ሲኖረን እያልን መደወሉን እናሳድረዋለን።

አንደኛው ካርቶን በማግስቱ ደረሰ። ሚናስ እንደ ልጅ ፈነደቀ። ሁለተኛው ሌላ ቀን አደረና ደረሰ። እኔን ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። እትዬ ወለላ አንድ ፍሬ ሎሚ ብትልክላቸው እንኳ ደውለው ሳይመርቁ አያድሩም።

«አልደወሉም እኮ» አልኩት።

«ዴሊቨርድ ይላል፤ ይኸው ፎቶውም።»

ስልኩን ነጥቄ አየሁ። በሩ ሥር ሁለት ካርቶን አለ። የፊተኛውም እዚያው ነው፣ ዝናብ አበስብሶታል።

«የመኪናውን ቁልፍ ስጠኝ» አልኩት።

እኔ እየነዳሁ እሱ ኮል ያደርጋል። ይጠራል፣ አይነሳም። ስካይዌይ ስንደርስ ቤታቸው በቀን መብራት በርቶበታል። ሚናስ በሩን ደበደበ፣ «እትዬ፣ እኔ ነኝ፣ ሚናስ» አለ። ደግሞ ደበደበ።

ይሄኔ የሦስተኛው ካምፓኒ መኪና መጥታ ቆመች። ሹፌሩ ሰላም ብሎን ካርቶኑን ከሁለቱ ጎን አስቀመጠ፣ ደወሉን ተጫነ፣ ፎቶ አንስቶ ሄደ። በሚናስ ኪስ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ደርሷል ማለቱ ነው። ያን ስልክ ወርውሬ ብሰብረው በወደድኩ።

በሩ ላይ ያለችውን የፖስታ ማስገቢያ ገፍቼ አጎንብሼ አየሁ። ምርኩዛቸው ወለሉ ላይ ወድቋል፤ ከአጠገቡ ወደ በሩ የተዘረጋ እጅ አለ። ለመጀመሪያው ካርቶን ደወል ሊከፍቱ ሲመጡ ነው የወደቁት።

«አምቡላንስ ጥራ» አልኩት። ቁጥሩን አሳስቶ መታ፣ ደግሞ መታ።

ከውስጥ ድምፅ ተሰማኝ፣ በጣም ቀጭን። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«መጣሁ» ይላሉ እትዬ ወለላ። «መጣሁ፣ ልጄ። አትሂድ።»