አስራ አንድ ማሽን፣ አንድ ቁጥር

ዕለቱ የአበልጆች ሐሙስ ነበር። ካርኒቫሉ ሊደርስ ሲል ኦሩሮ ከተማ ላይ ሴቱ ሁሉ ወንድ አበልጁን አንቀባሮ የሚጋብዝበት ቀን ነው። ካሲልዳ ታርኪም ለአበልጇ ለኒካኖር ቢራ ገዝታ፣ ኬክ አዝዛ፣ አንገቱ ላይ የምታጠልቅለትን የወረቀት ጥብጣብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ትጠብቀው ነበር። እሱ ሳይመጣ ግን ተቆጣጣሪዋ መጣች።

ሮክሳና ትባላለች፤ የሶፍትዌሩ ኩባንያ ወኪል ሆና ከላ ፓዝ የተላከች ልጅ ናት። ብርዱ አፍንጫዋን አቅልቶታል። በሩ ላይ ቆማ መስታወቱ ላይ የተጻፈውን አነበበች። «እዚህ ቤት ሁሉም ነገር ሕጋዊ ነው» ይላል። የካሲልዳ ባል፣ ነፍሱን ይማረውና አንሴልሞ፣ በገዛ እጁ የቀባው ነው። ያኔ በዚህችው ትንሽ ትምህርት ቤታቸው በጽሕፈት መኪና ነበር የሚያስተምሩት። ወደ ኮምፒውተር ሲዞሩ መንደሩ ሁሉ በአንድ የተገለበጠ ሲዲ ሲገለገል እነሱ ግን እያንዳንዱን ማሽን ከነሶፍትዌር ፈቃዱ ገዙ። ስንት ዓመት ሥጋ እያማራቸው እንደኖሩ እሷና እሱ ናቸው የሚያውቁት።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ካሲልዳ። «ማዶ ያለው ሩፊኖ አንዲት ሲዲ ይዞ ለሰፈሩ ሁሉ ሲጭን ነው የሚውለው። እሱን ትተሽ እኔ ጋ ምን አመጣሽ?»

ሮክሳና አንገቷን ደፋች። «ዶኛ» አለች፣ በአገሩ እትዬ እንደማለት ነው፤ «እኛ ጋ ስማቸው ያለው የገዙ ሰዎች ብቻ ናቸው። ያልገዛውን በምን እናውቀዋለን?»

«ጉድ እኮ ነው!» አለች ካሲልዳ። መናደድ አማራት፤ አቅሙ ግን አልነበራትም። «በይ ግቢ፣ በሩን ዝጊው፣ ብርድ አስገባሽብኝ።»

ልጅቱ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው እየተዘዋወረች ትከፍታለች፣ ታያለች፣ ትዘጋለች። ካሲልዳ ልቧ ሙሉ ስለነበር ኬኩን ለመቁረስ ቢላዋ ፍለጋ ሄደች። ስትመለስ ሮክሳና መሀል ክፍሉ ላይ ቆማ ከንፈሯን ትነክሳለች።

«ዶኛ፣ ሁሉም ላይ ያለው የፈቃድ ቁጥር ያው አንድ ነው።»

«እና?»

«ደንቡ አንድ ቁጥር ለአንድ ማሽን ነው። እርስዎ አንዱን ቁጥር አስራ አንዱም ላይ ጭነውታል። በደንቡ ይኼ እንግዲህ…»

«ሌባ ነሽ በይኛ! አትፍሪ፣ በይው!»

«እኔ እንደዚያ አላልኩም፣ ዶኛ።»

«ነይ ወዲህ!» ካሲልዳ ክንዷን ይዛ ወደ መጀመሪያው ማሽን ጎተተቻት። «ቁጥሩ ጀርባው ላይ ነው የተለጠፈው። እያንዳንዱ የራሱ አለው። በዓይንሽ እይውና ከዚያ ሌባ በይኝ!»

ማሽኑን ስታዞረው ያምናው የካርኒቫል ጥብጣብ አብሮ ተንጠለጠለ፤ የደረቀ የአበባ ቅጠልም መሬት ላይ ረገፈ። ስቲከሩ አለ። ላዩ ላይ ግን ምንም የለም፤ ደጋግሞ እንደታጠበ ጨርቅ ነጥቷል። ሁለተኛውን አዞረች፣ እሱም ነጭ ነው። ሦስተኛው ላይ ሰማያዊ እድፍ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ያሉትንም አንድ ባንድ አዞረቻቸው።

«ምን ነክቶት ነው?» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ።

ካሲልዳ ግን ምን እንደነካው ገብቷታል። ሌላው ለመኪናውና ለቤቱ ጫላ የሚባለውን የአልኮልና የአበባ ምርቃት እንደሚያደርግ፣ እሷም በየካርኒቫሉ ማክሰኞ ለማሽኖቿ ታደርጋለች፤ ዓመቱን ሙሉ እንዳይበላሹ፣ ተማሪ እንዳያጡ ብላ አልኮሉን ትረጭላቸዋለች። ስክሪኑን እንዳይነካው ተጠንቅቃ ደግሞ በጀርባ በኩል ነው የምትረጨው። አንሴልሞ ከሞተ ወዲህማ እጇ ይበልጥ ተፈቷል። እንግዲህ ያን ሁሉ ዓመት በገዛ ምርቃቷ የገዛ ፈቃዷን ስታጥብ ኖራለች ማለት ነው።

ጥግ ላይ ያለው የአንሴልሞ ማሽን ብቻ ቁጥሩ ይነበባል። በላዩ ላይ ግልጽ ፕላስተር ተለጥፎበታል። ካሲልዳ ፕላስተሩን በጣቷ ዳሰሰችው፤ እሷ አልለጠፈችውም።

ኒካኖር ይኼኔ ነው ባርኔጣውን አውልቆ እየሳቀ የገባው። ማሽኖቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ሲያይ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። የሰፈሩ ሰው «ኢንጂነር» ይለዋል፤ የእሷን ማሽኖች ሲጠግን የኖረው እሱ ነው፤ ሴት ልጁን ክርስትና ያነሳችለትም እሷ ናት።

«ታውቅ ነበር» አለችው።

«አውቅ ነበር፣ አበልጄ።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ቫይረስ በገባ ቁጥር ፎርማት አድርጌ እንደገና ስጭነው ቁጥር ይጠይቀኛል። ልገለብጥ ስሄድ ጠፍቷል። የሚነበብ አንድ ብቻ ሲቀር ፕላስተር ለጠፍኩበት፤ ከዚያ እሱኑ ለሁሉም ሰጠሁ። ምን ላድርግ?»

«ልትነግረኝ ነበራ! አፍ የለህም?»

«ምን ብዬ? ምርቃትሽ ማሽኖቹን እየጎዳቸው ነው ልበልሽ? አንሴልሞን ከቀበርሽ ወዲህ ጥርስሽ የሚታየው ያቺን ማክሰኞ ብቻ ነበር። አንጀቴ እንቢ አለኝ፣ አበልጄ።»

ካሲልዳ ወደ ልጅቱ ዞረች። «ገዝቻለሁ እኮ፣ ልጄ። ሁሉንም ገዝቻለሁ።»

«የሸጠልዎት ሱቅ ይመሰክርልዎታል?»

«ሱቁ ተዘግቷል። ሰውዬው ቺሌ ገብቷል።»

ሮክሳና ዓይኗን በመዳፏ አሸች፤ እሷም ደክሟታል። «እኔ አምንዎታለሁ። የኔ ማመን ግን ምንም አይሠራም፤ ቁጥሩ ካልተነበበ ፈቃድ የለም። ደግሞ ዶኛ፣ ገዛሁ ሲሉ… የገዙት ዕቃውን ነው። በውስጡ ያለው የእርስዎ አይደለም፤ እንዲጠቀሙበት ነው የተፈቀደልዎት።»

«ተፈቀደልኝ?»

«አዎ። ተፈቀደልዎት።»

ልጅቱ የቀረላትን ምርጫ ለካሲልዳ ነገረቻት። ወይ ማሽኖቹ ዛሬውኑ ይታሸጉና ነገሩ ጠበቆች ጋ ይሄዳል፤ ያ ማለት ትምህርት ቤቱም ቤቱም መሄዱ ነው። ወይ ደግሞ ቁጥር በሌላቸው ላይ ያለው ሁሉ አሁን፣ ሮክሳና እያየች፣ ይጠፋል። ደጅ የሰፈሩ ባንድ ለካርኒቫሉ ይለማመዳል፤ ከበሮው መስታወቱን ያንቀጠቅጠዋል። ካሲልዳ ድሮ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማት ትጮህ፣ ታለቅስ፣ ከንቲባው ድረስ ትሄድ ነበር። አሁን ግን ጉልበቷን ስታስበው መቀመጡ በለጠባት።

«አጥፋው» አለችው ኒካኖርን።

ኒካኖር አንድ ባንድ አጠፋቸው። የአንሴልሞ ማሽን ብቻ ቀረች። ልጅቱ ኬኩን ሳትቀምስ ሄደች። እሱም ባርኔጣውን አንስቶ ሊወጣ ሲል «ና፣ ጎንበስ በል» አለችውና ጥብጣቡን አንገቱ ላይ አጠለቀችለት። ፊቷ ግን አልተፈታም ነበር።

በማግስቱ ኒካኖር ስንት ዓመት ሲጨቀጭቃት የኖረውን ሌላ ሲስተም ይዞ መጣ፤ ማንም በነጻ የሚጭነውን ማለት ነው። ድሮ ሲያነሳባት «የነጻ ነገር አልወድም፣ የከፈልኩበት ነው የሚያስተማምነኝ» እያለች አፉን ታስይዘው ነበር። አሁን እጇን አጣጥፋ ታየዋለች።

«ስንት ማሽን ላይ ይጫናል?»

«የፈለግሽው ላይ።»

«ቁጥር የሚጠይቀኝ የለም?»

«ማንም የለም፣ አበልጄ።»

«ሞኝ ነበርኩ በለኛ» አለች። እሱ ግን መጫኑን ቀጠለ።

ችግሩ ተማሪዎቹ ላይ ነው። «መሥሪያ ቤት የሚጠቀሙት ይኼንን አይደለም» እያሉ ግማሾቹ መንገዱን ተሻግረው ሩፊኖ ጋ ተመዘገቡ። ሩፊኖም አላስቻለውም፤ መጥቶ በሯ ላይ ተደገፈ።

«ጎረቤት፣ ልጆችሽን ደህና አድርጌ ይዤልሻለሁ፤ ሐሳብ አይግባሽ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ሩፊኖ። አደራህን፣ አንዷን ቁጥር ለሁሉም እኩል አድርስላቸው!»

ሩፊኖ እየሳቀ ሄደ። ምን ቸገረው? ስሙ የተጻፈበት ቦታ የለ፣ የሚመጣበት ሰው የለ። እሷ መስታወቱ ላይ ያለውን የአንሴልሞን ጽሑፍ ለመፋቅ ሳሙናና ውሃ ይዛ ወጣች፤ ጥቂት ቆማ አየችውና ተመልሳ ገባች።

የካርኒቫሉ ማክሰኞ ደረሰ። ከተማው ለአራት ቀን ጨፍሮ ዝሏል፤ በየበሩ ቢራ ይፈሳል፣ ርችት ይጮሃል። ኒካኖር ከእነጥብጣቡና ከእነአበባው መጣ። ካሲልዳ የአልኮል ጠርሙሱን ይዛ ከመጀመሪያው ማሽን ኋላ ቆመች፤ ከለመደው እጇ ግን ጠርሙሱ አልዘነበለም።

«የሚታጠብ ነገር አለ?»

«ምንም የለም። እንደልብሽ ርጪ።»

ረጨች። አበባ በተነች፣ ጥብጣብ ጠመጠመች፣ ወደሚቀጥለው አለፈች። ያች የማክሰኞዋ ሳቅ ባትመጣም ፊቷ ለቀቅ አለ። እንዲህ እያለች ጥግ ላይ ያለችው የአንሴልሞ ማሽን ጋ ደረሰች። ኒካኖር ቀደም ብሎ መዳፉን ፕላስተሩ ላይ ከድኖ ቆሟል።

«ርጪ፣ ይዤዋለሁ» አላት።

ካሲልዳ ማሽኗን አየቻት። ባሏ ወንበሩ እስኪጎደጉድ የተቀመጠባት፣ ስትበላሽም እሷ ራሷ አብራው ያመሸችባት ናት። ጫላ የሚደረገው ለራስ ንብረት ነው፤ የሰው ነገር ላይ አይረጭም።

«እጅህን አንሳ» አለችው ጠርሙሱን እየከደነች። «ይቺን እንለፋት። ይቺ የኔ አይደለችም፤ ተፈቅዶልኝ ነው።»

ኒካኖር እጁን አነሳ። ካሲልዳ የቀረውን አበባ መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ቢራውን ልትከፍት ሄደች።