መስኮቱን የዘጋሁ ዕለት

በክረምት ጉሙ ከዘንገና ሐይቅ ተነስቶ እንጅባራን ቤት ለቤት ይዞራል። የሰውም ትንፋሽ ነጭ ሆኖ ስለሚወጣ ጉሙና ትንፋሹ አይለዩም። ዓምና በዚህ ወራት ልጄን ሸጋን ጉንፋን ይዟት ሳንባዋ ታመመ፤ ዐሥራ አንድ ቀን ሐኪም ቤት ተኛች። ሐኪሞቹ "ዳግመኛ እንዳይዛት" ብለው አስጠንቅቀው ሰጡኝ። ዘንድሮ ነሐሴ ሲገባ እንቅልፍ አጣሁ።

ፊደል በምቆጥርበት የጎልማሶች ትምህርት ላይ የጤና ኤክስቴንሽኗ ዋጋዬ መጥታ አስረዳችን። ከአምስት ዓመት በፊት ማንም የማያውቀው ጉንፋን ዓለምን ዞረ። ሰው ሲለምደው ደከመ እንጂ አልጠፋም፤ መልኩን ጥቂት እየለወጠ በየዓመቱ ይመለሳል።

"ታዲያ የሚያመጣው ብርዱ አይደለም?" አልኋት።

"ሰው ነው፣ እናትነሽ። ብርዱ ሰውን አንድ ቤት ያጉራል፤ ሰው ለሰው ያቀብለዋል። መስኮት ክፈቱ።"

"እሰይ! ከጉንፋን ድነን በንፋስ እንሙት!" አሉ እትዬ ማናለብሽ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ደብተሬ ላይ "መስኮት" ብዬ ጻፍሁ።

ከዚያ ወዲህ ዐይኔን ስጨፍን ቀጭን የጥጥ ክር ይታየኛል። ካንዱ አፍ ወጥቶ በሌላው ይገባል፤ ከገበያ ወደ ሰንበቴ፣ ከሰንበቴ ወደ ለቅሶ ቤት ይሳባል። ደጃፌ ሲደርስ እባንናለሁ። ጎረቤት ሲመጣ ደጅ አስቀምጥ ጀመር። "ፊደል ለየችና ሰው ናቀች" ብለው አሙኝ።

አንድ ቀን ድንች ሸጬ ከዳንግላ በሚኒባስ ስመለስ ዝናብ ጣለ። መስኮቱን ገርበብ አድርጌ ነበር። ከጎኔ ሕፃን ያቀፈች ሴት፣ "እህትዬ፣ ዝጊልኝ፤ ልጄን ብርድ መታብኝ" አለችኝ። ሕፃኗ ልክ እንደ ሸጋ ትስላለች። አንጀቴ አልቻለም፤ ዘጋሁት። መስታወቱ በትንፋሻችን ነጣ። መንገዱም ጋሪውም ጠፋ፤ ደመና ላይ የምንንሳፈፍ መሰለኝ። ሕፃኗ አንገቴ ሥር ስትስል ክሩን በውኔ አየሁት።

ቤቴ ስደርስ ሸጋ "እማዬ!" እያለች ሮጣ መጣች።

"ቁሚ!" ብዬ ጮህሁ። ባለችበት ደርቃ ቀረች።

ባሌ አዝመራው ወጣ። "ምነው፣ አበድሽ?"

"ይዤው ሳልመጣ አልቀረሁም። ልጅቷን ያዝልኝ።"

"ሰው ስትከለክይ ከርመሽ አንቺው!" ብሎ ሊስቅ ጀመረና ፊቴን ሲያይ ተወው።

ማድቤት ገብቼ ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ መጣ። ነውር ነው እንጂ ደስ አለኝ፤ ክሩ ሸጋ ዘንድ ሳይሆን እዚህ፣ እኔ ዘንድ ነበርና።

ከደብተሬ ቅጠል ገንጥዬ በሕይወቴ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጻፍሁ፤ አዝመራው ከደጅ አንስቶ ሰጣት። ሸጋ ፊደል በፊደል ስታነብ በግድግዳው ሰማሁ።

"ሸ-ጋ-ዬ መስ-ኮ-ቱን ክ-ፈ-ቺ እን-ተ-ያይ።"

መስኮቱ ተከፈተ። የኔንም ከፈትሁ። ጉሙ በመካከላችን እያለፈ ስንተያይ ሰነበትን። ሳሉ ሰፈሩን አዳረሰ፤ እትዬ ማናለብሽንም ጣላቸው። እኔ ጆሮዬን የጣልሁት አንድ ደረት ላይ ነበር።

ሳሌ ከተወኝ በኋላ ሁለት ቀን ጨምሬ ቆየሁ። ጉሙ ሲገፈፍ ሸጋ በመስኮቱ ብቅ አለች።

"አሁንስ ልምጣ?"

ድምፅዋ ጥርት ያለ ነበር።

"ነይ" አልኋት።